ወፍ የለም

ቅጹ አራት ዓምድ አለው፤ ስም፣ ቦታ፣ ብዛት፣
አራተኛው «ደረጃ»፦ የመጥፋት ስጋት።
በመጀመሪያው መስመር ሸማኔ ወፍ አለ፣
ቢጫ፣ ፊተ ጥቁር፣ ጎጆ ያንጠለጠለ፤
ከሥሩ የጫካው ጤዛ ጠሪ ወፍ፣
ደረተ ሸክላ፣ ከወደቀ ቅጠል የሚያርፍ።

(«ጤዛ ጠሪ» ያልኩት እኔ አይደለሁም፤
መጽሐፍ ላይ የአማርኛ ስሙን አላገኘሁም፤
የሙዘይን አባት ናቸው ያወጡለት፣
ጨለማ ሳይገፈፍ ጫካ የወጡ ዕለት።)

ለሁለቱም ደረጃው አንድ ቃል ነው፦ «አያሰጋም»።
ከዓለም መዝገብ የተቀዳ፤ አልተሳተም፣ አልተዛባም።

ሸማኔውን ለማየት ድካም አያስፈልግም፤
መናኸሪያው በር ላይ ቀና ማለት ነው፣ ሌላ የለም።
አንድ ዋንዛ ላይ ብቻ ስልሳ ሁለት ጎጆ ቆጠርኩኝ፣
ስልሳ ሦስተኛው ሲታሰር ምሳዬን ረሳሁኝ።
ሣር ሲያጣ ከማዳበሪያ ጆንያ ፈትል ይመዛል፣
ጭንቅላቱን ቁልቁል ሰቅሎ ይቋጥራል፣ ይጎነጉናል፤
ሴቷ መጥታ ትጎትተዋለች እንደ ገበያ ጨርቅ፤
ካልጣማት ያፈርሰዋል፤ ሌላ ይጀምራል ሳይሳቀቅ።
ከሥር የሊሙ፣ የአጋሮ፣ የሰቃ ረዳት ይጮኻል፣
ከላይ እሱ፤ ማን ማንን እንደሚጠራ ግራ ይገባል።
መስታወት ላይ ኩሱን ጥሎ ተጣልቷል ከሾፌሮች፤
«ዋንዛው ይቆረጥ» ይላል ማመልከቻው፤ ፊርማው የሃያ ሰዎች።

የበዛ ነገር ዕዳው ይህ ነው፤ ሲያዩት ይውሉና ይጠሉታል፤
ያነሰውንስ ማን አውቆት ይናፍቀዋል?

ለጤዛ ጠሪው ግን ወደ በለጠ ሄድን፣
በሸቤ መንገድ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተን፤
ሙዘይን ከፊት፣ የእጅ ባትሪው በጥርሱ፣
እኔ መቅረጫዬን ታቅፌ፣ እንዳይነካው እርጥብ ነፋሱ።
በአባቱ ዘመን፣ ይላል፣ መሬቱ ፍራሽ ነበር፣
ቅጠል በቅጠል ላይ፣ ጉንዳን የሚርመሰመስበት አገር፤
ወፉ ያንን ገልብጦ በልቶ፣ ሲነጋ ቅርንጫፍ ይወጣና
ያፏጭ ነበር፤ ሦስቴ ረዘም፣ አንዴ ሰበር፣ ዝም ይልና…

አሁንም ዛፉ አለ። ከሩቅ ላየው ደኑ ደን ነው።
ከሥር ግን ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ቡና ብቻ ነው የቀረው፤
ቅጠሉ ተጠርጎ፣ እንደ ሠርግ ደጅ ጸድቶ መሬቱ፣
ንጹሕ ነው፤ ምንም የለበትም። ይኸው ነው ምክንያቱ።
(አልፈርድም። ሙዘይንም ሦስት ልጅ የሚያስተምረው
ከዚያው ቡና ነው፤ መጥረጊያውን የያዘውም እጁ ነው።)

አምስት ንጋት ተቀመጥን። በመጀመሪያው ጦጣና ዝንጀሮ፣
በሦስተኛው ዝናብ፤ በአራተኛው ከሩቅ የሰው ጉሮሮ፤
በአምስተኛው ሙዘይን ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣
«ወፍ የለም» አለኝ። ሳቄ መጥቶ ከንፈሬ ላይ ተቀሰፈ።

ጅማ ውስጥ ይህን ቃል በቀን መቶ ጊዜ እንሰማለን፦
ብድር ጠይቀን፣ ስኳር ጠይቀን፣ መብራት ጠብቀን፤
ወፍ የለም፣ ወፍ የለም። ማንም ወፍ አስቦ አያውቅም።
ያን ዕለት ግን ቃሉ ወደ ቤቱ ገባ፤ አልቀለደም።

ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባላል፤ ልክ ነው፣ ሸማኔው
የመናኸሪያውን ቋንቋ ይዟል፤ የሚጮኸው እንዳገሩ ነው።
አገሩ ተጠርጎ ከእግሩ ሥር የሄደበትስ?
እንዳገሩ ዝም ይላል? ጌራ ተሻግሮ ያፏጫል? ወይስ…

ቅጹ ላይ ዜሮ ጻፍኩ። ከጎኑ «አያሰጋም» አለ።
መዝገቡ የዓለም ነው፤ ወፉም በሌላ ሸንተረር ስላለ።
ቃሉ ውሸት አይደለም፤ ቃሉ በለጠ አድሮ አያውቅም፣
የአምስት ንጋት ዝምታ ክብደቱ አልተነገረውም።

ባለፈው ማክሰኞ ሙዘይን ደወለ፣ በኔትወርክ ቁርጥራጭ፦
«ከወንዙ ማዶ ነው! ስሚው! ስሚው ሲያፏጭ!»
ከዋንዛው ሥር ነበርኩ፤ ስልሳ ሦስቱ ጎጆ ሲንጫጫ፣
ረዳቱ «አንድ ሰው ሊሙ!» ሲል፣ ጥሩምባ፣ ግፊያ፣ ሩጫ፤
አንድ ጆሮዬን ደፍኜ በሌላው አዳመጥኩ፣ አልቸኮልኩም፤
ነፋስ ይሁን፣ ወፉ ይሁን፣ የስልኩ ትንፋሽ፣ አልለየሁም።
«ሰማሽው?» አለኝ። ሸማኔው ከላይ ገለባ ጣለብኝ፤
ቅጹን አወጣሁ፣ ዜሮው ላይ ላጲስ አስጠጋሁ፤ እጄ አመነታብኝ።